መልስ፦ የቶርኖዬ መቁረጫ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ወንድሜ፣ በቶርኖ (ብረት እያዞረ በሚቀርጽ ማሽን) 20 ሚሊ ክብ ብረት ስትቆርጥ ይንጫጫል፣ የብረቱን ጫፍ ፊት ስታስተካክልም መሃሉ ላይ ጉብታ ይቀራል ብለሃል። ጉብታዋ ሁሉን ተናግራለች፤ የመቁረጫህ ከፍታ ከሚዞረው ብረት መሃል ጋር አልገጠመም። ቀጭን የብረት ማስመሪያ በመቁረጫው ጫፍና በክቡ ብረት መካከል ቀስ ብለህ አስይዝ (ማሽኑ ጠፍቶ!)። የማስመሪያው አናት ወደ አንተ ካዘመመ መቁረጫው ዝቅ ብሏል፤ ከሥሩ ስስ ላሜራ አስገባ። እኔ የቆርቆሮ ጣሳ ቆርጬ ነው የምጠቀመው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ልክ ነው። መቁረጫውንም ከመያዣው ብዙ አታውጣው። ፍጥነት ቀንስ፤ በሃይ ስፒድ (ሙቀት ከሚችል ጠንካራ ብረት የተሠራ) መቁረጫ ለዚህ 20 ሚሊ ተራ ብረት በደቂቃ 480 ዙር አካባቢ ይበቃሃል። ጓንት ግን እንዳታደርግ፤ ማሽኑ ጓንቱን ከያዘ እጅህንም ይዞ ነው የሚዞረው።