የቤተሰብ ትምህርት ፒኤችዲ ይዘን ወዴት? ስለ ፖስትዶክ ጥያቄና መልስ ከጅማ

በትዳር፣ በወላጅነትና በቤተሰብ ሕይወት ላይ ፒኤችዲ የሠራችሁ ወይም ልትጨርሱ የተቃረባችሁ የጅማ ልጆች፣ "ጥያቄ ላኩ" ስላችሁ ስልኬ ተጨናነቀ። የሚደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ዶክተር፣ ፖስትዶክ ሌላ ዲግሪ ነው እንዴ? እናቴ "ደግሞ ምን ልትማሪ ነው?" እያለችኝ ነው።

ዲግሪ አይደለም እህቴ፣ ሥራ ነው። ከፒኤችዲ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እየተከፈለሽ ትመራመሪያለሽ፣ ታሳትሚያለሽ። ክፈዪና እናስገባሽ የሚልሽ ካለ ሽሺ።

ጥያቄ (ከአጋሮ)፦ "የቤተሰብ ትምህርት" ብዬ ስፈልግ ምንም አይመጣልኝም።

በዚያ ስም ብቻ ከሆነ አይመጣም። አሜሪካ ውስጥ "የሰው ዕድገትና የቤተሰብ ጥናት" በሚባሉ ክፍሎች ታገኘዋለህ፣ ሌላ ቦታ ሕዝብ ጤና፣ ሶሻል ወርክ፣ ሳይኮሎጂ ወይም ስነ ሕዝብ ውስጥ ተሸጉጧል። የእኛው ዩኒቨርሲቲ እንኳ የሕዝብና ቤተሰብ ጤና ክፍሉ ያለው ጤናው ጋ ነው። ስለዚህ በጉዳዩ ፈልግ፦ የወላጅነት ሥልጠና፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ የጥንዶች ግጭት።

ጥያቄ (ከኮቺ)፦ ስም ጥራልን እንጂ! የት እንወዳደር?

እሺ። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን የፖስትዶክ ድጋፍ ፒኤችዲ ከያዛችሁ 4 ዓመት ላልሞላችሁ ነው፣ ከ6 እስከ 24 ወር ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረቱ የማሪ ኪዩሪ ድጋፍ ከፒኤችዲ በኋላ እስከ 8 ዓመት ይፈቅዳል። ብዙ ጊዜ የሚዘጋው እንቁጣጣሽ አካባቢ ነው፣ ዶሮ ወጡን ለሌላ ሰው ተዉት። አንድ ወጥመድ ግን አለው፦ ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ በኖራችሁበት አገር አትወዳደሩም። ጅማ ከቤልጅየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የቆየ ትስስር ስላለው ፒኤችዲውን እዚያ እየተመላለሰ የሠራ ብዙ ነው፣ እናንተ ፓስፖርታችሁን አውጡና ወሮቹን ቁጠሩ። አሜሪካ ደግሞ "ቲ 32" የሚባለው የመንግሥት ሥልጠና ለዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት ብቻ ነው፣ ጊዜያችሁን አታባክኑበት። በፕሮፌሰሩ የራሱ የምርምር ገንዘብ የሚቀጠር ቦታ ግን ለእኛም ክፍት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ እኔ የጅማን ቤተሰብ ነው ያጠናሁት። ማን ይፈልገኛል?

የሚፈልጉህ ለዚያው ነው እኮ! ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጅማ ከተማ፣ በሰርቦ፣ በየቡ፣ በሼኪና በገጠሩ ወጣቶችንና ቤተሰቦቻቸውን እየተመለሰ የጠየቀ ትልቅ ጥናት አለ፣ የአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲም አለበት። የዚያን መረጃ ቋንቋውንና ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ሲያነበው ሌላ ነገር ያያል። በያኔው ደቡብ ክልል ደግሞ በቡና ማፍላት ሥርዓት ላይ ጥንዶችን፣ ሴቶችንና ወንዶችን ለየብቻ በ14 ክፍለ ጊዜ ያወያየ ሙከራ ተሠርቶ፣ ለወንዶቹ የተሰጠው ወሲባዊ ጥቃት ማድረስን ቀንሶ ተገኝቷል። ረከቦት በየቤቱ ባለበት ጅማ ይህን መሞከር ማንን ያቅታል? እዚህ አንድ ባልና ሚስት ሲጋጩ ወደ ጃርሱማ (የኦሮሞ ሽማግሌዎች እርቅ) ሊሄዱ ይችላሉ፣ ወደ ፍርድ ቤትም፣ ሁለቱም ከፈቀዱ ደግሞ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት። ሦስቱም በር ላይ ምን ዓይነት ምክር እንደሚሰጥ፣ ከጋብቻ በፊትስ ማን ምን እንደሚያስተምር ጠይቅ። እኔ ብሆን "የአፍሪካ ቤተሰብ ተግዳሮቶች" ከሚል ሰፊ ርዕስ ይህንን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ለፕሮፌሰሯ እንዴት ልጻፍ?

አጭር አድርገው። የትኛውን ሥራዋን እንዳነበብክ፣ አንተ ምን እንደምትጨምር፣ የትኛው ፈንድ ላይ አብራችሁ እንድታመለክቱ እንደምትፈልግ። "የተከበሩ ፕሮፌሰር" ብለህ ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ አትበትን፣ ያስታውቃል።

ጥያቄ (መምህር ነኝ)፦ መሥሪያ ቤቴ ይለቀኛል?

የአገልግሎት ግዴታ ውልህን አውጥተህ አንብብ፣ ፈቃዱንም ከማመልከትህ በፊት በጽሑፍ ጠይቅ። የቃል "ችግር የለውም" አይበቃም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴንና ልጆቼን ትቼ ነው የምሄደው?

የቤተሰብ ትምህርት አጥንተሽ ቤተሰብ መበተን! አይደለም፣ ሁምቦልትም ማሪ ኪዩሪም የቤተሰብ አበል አላቸው። ሁምቦልት ለባለቤትሽም የጀርመንኛ ኮርስ ሊከፍል ይችላል። ቪዛው ግን ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ነው፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶቹን ከአሁኑ አስተርጉሚና አስመስክሪ።