ኤምፕቲ ሴላ ለተባለችው እህትዎ፦ ከታይሮይድ ኪኒኑ በፊት ኮርቲሶል ይለካ

እህትዎ ከወለደች ወዲህ የወር አበባዋ እንዳልተመለሰ፣ ኤምአርአዩም «ኤምፕቲ ሴላ» እንዳለ ጽፈው «እጢ በቅሏል ማለት ነው ወይ? አዲስ አበባ እንውሰዳት ወይ?» ብለዋል። እኛም ደሴ ላይ ሆነን ይህንኑ ስላየን የባለቤቴን ታሪክ ልንገርዎ።

1ኛ፦ እጢ በቅሏል ማለት አይደለም። ከአንጎል ሥር ያለችው፣ አተር የምታክለው የሆርሞኖች አዛዥ ፒቱታሪ የምታርፍበት የአጥንት ጎድጓዳ የአንጎል ፈሳሽ ገብቶበት እርሷ ተጨፍልቃ ስትታይ የሚሰጥ ስም ነው፤ ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው አብሮት ይኖራል። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ለፈሰሳት ሴት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በእርግዝና ያደገችው ፒቱታሪ ደም ሲያጥራት ትጎዳና እያደር ትሟሽሻለች፤ ሐኪሞች ሺሃን ሲንድረም ይሉታል። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን የወለደች ዕለት ደሟ አልቆም ብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አጥሚቱ ቢፈላ፣ ገንፎው ቢገነፋ ጡቷ ጠብታ ወተት አልወጣውም። ይህን የጠየቀን ሐኪም ግን አልነበረም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ «ደም ማነስ ነው፣ ጨጓራ ነው» እየተባልን ኖርን።

2ኛ፦ ቲኤስኤች (ፒቱታሪ ታይሮይድን የምታዝበትን ሆርሞን) ብቻ ለክተው «ታይሮይዷ ደህና ነው» ቢሏችሁ አትቀበሉ። የታመመችው አዛዧ ፒቱታሪ ስለሆነች ቲኤስኤች ደህና መስሎ ሊወጣ ይችላል፤ ፍሪ ቲ4 (ታይሮይዱ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን) አብሮ ይታይ። የእኛው ዝቅ ብሎ ሲገኝ አንድ ክሊኒክ ወዲያውኑ የታይሮይዱን ኪኒን ሌቮታይሮክሲን አዘዘልን። ኮርቲሶልስ (ሰውነት ሕመምን የሚቋቋምበት፣ ይህችው ፒቱታሪ የምታዘው ሆርሞን) ብዬ ብጠይቅ ባለሙያው ቀና ሳይል «ሐኪሙ አንተ ነህ?» አለኝ፤ እኔም አፍሬ ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው። ለካ ኪኒኑ በሰውነቷ የቀረውን ጥቂት ኮርቲሶል ቶሎ ያስጨርሳል። በዘጠነኛው ቀን ከኮምቦልቻ ስንመለስ ሐረጎን በመውጣት ላይ ሳለን ሚኒባሱ ውስጥ አስመለሳት፤ ግንባሯን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው፣ ስሟን ብጠራትም አልመለሰችልኝም። ድንገተኛ ክፍል የኮርቲሶል ምትክ የሆነው ሃይድሮኮርቲሶን በደም ሥር ተሰጥቷት ነው የዳነችው።

ስለዚህ የጠዋት ኮርቲሶል ሁለት ሰዓት ገደማ ይለካ፤ ሶዲየም (በደም ውስጥ ያለው ጨው) እና ፕሮላክቲንም (የጡት ወተት ሆርሞን) ይታዩ። ኮርቲሶሏ ካነሰ ምትኩ ይቀድማል፣ የታይሮይዱ ኪኒን ይከተላል። አዲስ አበባ ወደ ሆርሞን ስፔሻሊስት አንድ ጊዜ ውሰዷት፤ የኤምአርአዩን ሲዲ እንጂ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ እኛ በዚያ ምክንያት ተመልሰናል። ክትትሉን እኛ አሁን እዚሁ ደሴ እናደርጋለን። የኮርቲሶሉን ምትክ ከጀመረች በራሷ ፈቃድ እንዳታቋርጥ፤ ትኩሳት ሲይዛት መጠኑን እንዴት እንደምትጨምር ከሐኪሙ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ካስመለሳት ግን ኪኒን ስለማይረጋላት ለመርፌ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። ባለቤቴ ያንን ወረቀት ከመታወቂያዋ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ ትይዛለች፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሐኪሙም ፈርሞበታል።