ስድስት ወር ሞላ ማለት ቁፋሮ ተፈቀደ ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ በአክሱም የቤት ሠሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር ነኝ። የሴፕቲክ ታንክ ጉድጓድ ስናስቆፍር ሁለት ሜትር ገደማ ላይ የተጠረበ ድንጋይና ብዙ ገል ወጣ። ወዲያው አሳወቅን። ሥራው እንዲቆም ተደረገ፣ የሙከራ ቁፋሮ ይካሄዳል ተባለ፣ እስካሁን የመጣ ግን የለም። ጉድጓዱ ለልጆች ስለሚያሰጋ ደፍነነዋል። ስድስት ወር ሊሞላ ነው፤ ሥራ መጀመር እንችላለን? ኪሳራችንንስ ማን ይከፍላል?

መልስ፦ «ወዲያው አሳወቅን» ብለዋል። ለማን? በቃል ነው በደብዳቤ? ድንጋዩና ገሉስ አሁን የት ነው ያለው? እነዚህን ሳይነግሩኝ «እንችላለን?» ብለው መጠየቅዎ ትንሽ አሳስቦኛል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 አንቀጽ 41 በግንባታ ቁፋሮ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ሁለት ነገር እንዲያደርግ ያዛል፦ ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ፣ እስኪረከበውም ድረስ እንዳለ ጠብቆ ማቆየት።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ስድስት ወሩ ነው። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ አግኚው ከኃላፊነቱ ሊወጣ ይችላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ቀኑ ሲሞላ በራሱ አይወጣም። ሁኔታውን በዝርዝር ጽፎ ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ ማስታወቅ አለበት። ቀኑስ ከመቼ ይቆጠራል? ለቀበሌ ሊቀ መንበር በስልክ ነግረው ከሆነ፣ ባለሥልጣኑ ሪፖርቱ መቼ እንደደረሰው የሚያስረዳ ማስረጃ የለዎትም። ቆጠራው ገና አልጀመረም ቢባሉ በምን ይሟገታሉ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ አንቀጽ ነጻ የሚያወጣዎት ከጥበቃ ግዴታ ነው። የከተማው አስተዳደር የጻፈው የእገዳ ደብዳቤ ካለ እስኪነሣ ድረስ ጸንቶ ይቆያል። ቦታው በተከለለ የቅርስ ክልል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አፈር መነካት የለበትም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ደብዳቤ ይጻፉ፦ የተገኘበት ቀን፣ ጥልቀት፣ የይዞታው ቁጥር፣ ቆፋሪው ማን እንደነበር። በመዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉና ቁጥሩና ማኅተሙ ያለበትን ግልባጭ ይዘው ይውጡ።

መደፈኑም ሌላ ጣጣ ነው። አጥር በቂ ነበር። በኤክስካቫተር የተመለሰ አፈር ላይኛውን ንብርብር ከታችኛው ይቀላቅላል፤ ባለሙያው ገሉ ከየትኛው ጥልቀት እንደወጣ መለየት ያቅተዋል። እባክዎ መልሰው እንዳይከፍቱት! ማን፣ መቼ፣ በምን እንደደፈነው በቃለ ጉባኤ ያስፍሩ። የተለቀሙትን ሳያጥቡ፣ ሳያከፋፍሉ አንድ ቦታ ቆልፈው ያስቀምጡ፤ ከመቆለፍዎ በፊት ሜትር አጠገባቸው አድርገው ፎቶ ያንሡ። «ለማስታወሻ» ብሎ ቤቱ የወሰደ አባል ካለ ዛሬውኑ ያስመልሱ፤ ነገሩ ወደ ወንጀል ክስ ሊያመራ ይችላል።

የሙከራ ቁፋሮ ሲደረግ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በተመረጡ ነጥቦች ላይ፣ ለምሳሌ ሁለት በሁለት ሜትር እየለካ፣ ስስ ስስ ንብርብር እያነሣ የሰው እጅ እስካልነካው አፈር ድረስ ይወርዳል። የራስዎን ቆፋሪ ቀጥረው «አጣራን» ማለት አይሠራም። ነጥቦቹ ሲመረጡ የቤቶቹንና የሴፕቲክ ታንኮቹን ፕላን ከነጥልቀቱ ያቅርቡ። አንድ ሜትር ተኩል ወርዶ «ምንም የለም» የተባለበት ጉድጓድ ሦስት ሜትር ለሚወርድ ታንክ ዋስትና አይሆንም። በአክሱም መቃብሮች ወደ ታች እንደሚወርዱ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ውጤቱንም በጽሑፍ ይቀበሉ፣ የትኛውን ይዞታ እንደሚሸፍን ያንብቡ።

ወደ ኪሳራው ስመጣ፣ አንቀጽ 41 ቅርሱን በወጉ ላስረከበ ሽልማትንና ለዚሁ ሲል ያወጣውን ወጪ ይፈቅዳል፤ የዘበኛና የአጥር ደረሰኝ ይያዙ። የሥራ ተቋራጩ የቆመበት ቀን ግን በዚህ ይሸፈናል ብዬ አልመክርዎትም። ተቋራጩ የመንግሥት ክልከላን «ከአቅም በላይ» ሊል ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1793 ይጠቅሰዋል። ሆኖም ቁጥር 1792 አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ነገር መሆኑን ይጠይቃል፤ በአክሱም መሬት ውስጥ ጥርብ ድንጋይ ማግኘት ያልታሰበ ነበር ለማለት ይከብዳል። ውሉን፣ የእገዳ ደብዳቤውንና የይዞታ ማረጋገጫውን ይዘው፣ በሥራ ላይ ያሉትን ማሻሻያዎችና የክልል መመሪያዎች የሚያጣራ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። እስከዚያ ለተቋራጩ ምንም ዓይነት የመተማመኛ ወረቀት እንዳይፈርሙ።