ድራማው መጨረሻ አይኑረው

«ጅማ የሰፈር ስብሰባ ላይ ሰው አይናገርም፤ በተረት ወይም በድራማ ማንቃት ይቻላል ወይ?» ላልከው ወንድሜ፣ ይቻላል። ግን መጀመሪያ እኛ ያበላሸነውን ልንገርህ።

ሰፈራችን ውስጥ ወደ አዌቱ ወንዝ የሚወርድ ቦይ አለ። ክረምት ሲገባ በቆሻሻ ይደፈንና ውሃው ቤት ይገባል። በየስብሰባው ይነሳል፣ ሁለት ሰው ያወራል፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል፣ «ይታሰብበት» ተብሎ ይበተናል። እኛ ወጣቶቹ ድራማ ሠራን። ቆሻሻ የሚጥለው ሰውዬ መጨረሻ ላይ ተፀፅቶ አልቅሶ ይመክራል። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። ቦዩም እንደነበረ ቀረ።

ኋላ ቲያትር የተማረ ጓደኛችን ስለ ፎረም ቲያትር ነገረን። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል የጀመረው ነው። ድራማው ችግሩ በከፋበት ቦታ ይቆማል፣ ከተመልካቹ የፈለገ ሰው ገብቶ «እኔ ብሆን» ያለውን ይጫወታል። ቦአል በ1992 እ.ኤ.አ. የሪዮ ዴ ጄኔሮ ምክር ቤት አባል ሆኖ ሲመረጥ ይህንኑ ይዞ ገባ፤ ሕዝቡ በቲያትር ካወጣው ሐሳብ 13 ሕጎች ጸደቁ። እኛ እንኳን ሕግ፣ አንድ የቆሻሻ ጋሪ ብናገኝ በቂያችን ነበር።

በዕድር ስብሰባ ቀን ሞከርነው። ሻይ ቤት ያላት ሴት በማታ ባልዲ ሙሉ ቆሻሻ ቦዩ ውስጥ ልትደፋ ስትል ጎረቤት ይይዛታል፣ ጭቅጭቁ ይጦፋል፤ እዚያ ላይ አቆምነው። ዝም። ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ስብሰባ ላይ ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቅ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ፣ ባልዲውን ከልጅቷ እጅ ተቀበሉና «ታዲያ የት ልድፋው? ጋሪው መጣ እንዴ?» አሉ። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ጨረሱት፣ ሰውም በዚያው ቀጠለ። ወሬው «ማን ጣለ» ከሚለው «ጋሪው ለምን ቀረ» ወደሚለው ዞረ። በዚያው ቀን መዋጮ ተወሰነ፣ ቀበሌ የሚሄዱ ሦስት ሰዎች ተመረጡ። ስንቴ እንዳመላለሱን አትጠይቀኝ፣ ብቻ ጋሪው አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የሰፈር ሰው የሚታወቅበትን አነጋገር አታስገባ። እኛ ሳናስበው የአንድ ባለሱቅ ሳል አስመስለን፣ ሰውዬው ሁለት ወር ሰላምታ ነሳን። ሽማግሌ ልከን ነው የታረቅነው። ደግሞ ድራማውን የሚመራው ልጅ ምክር አያብዛ፣ ይጠይቅና ዝም ይበል። ዝምታው ያስጨንቃል፣ ቻለው።

ባልዲ ካጣህ የእኛው ዕድሩ ዕቃ ቤት አለ፣ መጥተህ ውሰድ።