እናቱን ሳያሳይ ቡችላ የሸጠ ሰው

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው። ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ አይቼ ለልጆቼ ቡችላ በ900 ፓውንድ ገዛሁ። ሻጩ «እናቱ እህቴ ጋ ናት» ብሎ መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ አስረከበኝ። በአራተኛው ቀን ያስመልሰውና ያስቀምጠው ጀመር። ሐኪሟ ፓርቮ የሚባል የውሾች የአንጀት ቫይረስ ነው አለችኝ። ለሕክምና ብዙ ወጪ አወጣሁ፤ ሰውየው ስልክ አያነሳም። ምን መብት አለኝ?

መልስ፦ ሳይዘገዩ ማሳከምዎ ጥሩ ነው። ቡችላው በቶሎ ያገግምልዎ።

እንግሊዝ ውስጥ ከኤፕሪል 6 ቀን 2020 ጀምሮ ነጋዴ ራሱ ያላረባውን ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላ ወይም የድመት ልጅ መሸጥ አይችልም። የሉሲ ሕግ ይባላል። ሉሲ ዌልስ ውስጥ ለንግድ ስትወልድ የኖረች ውሻ ነበረች፤ ስትወጣ አከርካሪዋ ጎብጦ ነበር። ፈቃድ ያለው አርቢ ቡችላውን የሚያሳየው በተወለደበት ቦታ፣ ከእናቱ ጋር ነው። «እህቴ ጋ ናት» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ገንዘብ አለመክፈል ነው።

ወደ ገንዘብዎ ስንመጣ፣ የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ እንስሳን እንደ ዕቃ ነው የሚያየው። ይህ ቅር ቢለኝም እዚህ ይጠቅምዎታል። ሻጩ ነጋዴ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ መልሰው ሙሉ ገንዘብዎን መጠየቅ ይችላሉ። ግን የታመመ ቡችላ ለዚህ ሰው ይመለስ ብዬ አልመክርም። እርስዎ ጋ ይቆይና የዋጋ ቅናሽና የሕክምና ወጪ ይጠይቁ። «ነጋዴ አይደለሁም» ማለቱ አይቀርም። በዚያው ስልክ ቁጥር ሌላ ማስታወቂያ ካለ ፈልገው ፎቶውን ያስቀሩ። ነጋዴ ባይሆን እንኳ፣ ሳይከተብ «ተከትቧል» ብሎ ከጻፈልዎ በሐሰት መግለጫ ይጠየቃል።

የክትባት ካርዱን አሁኑኑ አውጥተው ይዩት። የክትባቱ ተለጣፊ፣ የሐኪሙ ፊርማና የክሊኒኩ ስም አለበት? ካለ ክሊኒኩ ጋ ይደውሉ። ሐኪሟን ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቋት። አንደኛ፣ ሕመሙ መቼ እንደያዘው በጽሑፍ ትስጥዎ፤ የፓርቮ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከተያዘ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ስለሚወጣ ይህ ደብዳቤ ወሳኝ ነው። ሁለተኛ፣ ቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ መሣሪያ) እንዳለው በማንበቢያ አይታ ቁጥሩን ትስጥዎ። ቡችላ ከመሸጡ በፊት ቺፕ ተደርጎለት በአርቢው ስም መመዝገብ አለበት።

ከዚያ ለሻጩ የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይላኩ። ካልመለሰ እስከ 10,000 ፓውንድ ያለ ጠበቃም በአነስተኛ ክሶች ችሎት መክሰስ ይቻላል። ችግሩ አድራሻው ነው። ገንዘቡን በባንክ ልከው ከሆነ የተቀባዩ ስም መነሻ ይሆንዎታል።

ገንዘብዎ ተመለሰም አልተመለሰም፣ ለአካባቢዎ አስተዳደር (ለካውንስሉ) የፈቃድ ክፍልና ለእንስሳት ጥበቃ ማኅበሩ ለአርኤስፒሲኤ ያመልክቱ። እናቲቱ አሁንም የሆነ ቦታ አለች። በ12 ወር ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ያስወለደና የሸጠ ሰው ከካውንስል ፈቃድ ማውጣት፣ ቁጥሩንም ማስታወቂያው ላይ መጻፍ አለበት። ፈቃድ ያለውም ቢሆን አንዲትን ውሻ በ12 ወር ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በዕድሜዋም ከ6 ጊዜ በላይ ማስወለድ አይፈቀድለትም። ያለ ፈቃድ መሥራት እስር ሊያስከትል ይችላል። ማመልከቻው ላይ የማስታወቂያውን ቅጂ፣ የዋትስአፕ መልእክቶቹን፣ የቺፑን ቁጥር፣ ካስታወሱትም የመኪናውን ታርጋ ያያይዙ።