በፊጂ መንደር እንግዳ ስሆን ምን ይዤ ልሂድ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፊጂ ውስጥ፣ በያሳዋ ደሴቶች በአንዲት መንደር የሚኖር ቤተሰብ ለአራት ቀን ሊያስተናግደኝ ተስማምቷል። ስንት ልክፈል ብዬ ስጠይቅ «ደስ ያለሽን» አሉኝ። ይሄ መልስ እንቅልፍ ነሳኝ። ምን ልያዝ? ያንጎና የሚሉትን መጠጥስ የግድ መጠጣት አለብኝ? እባክዎ ይምከሩኝ፤ ብቻዬን የምሄድ ሴት ነኝ።
ተጓዧ

መልስ፦ እህቴ፣ ከገንዘቡ በፊት ያንጎናውን እናንሳ። ወደ መንደሩ የምትገቢው በእሱ ነውና።

ያንጎና ከቁንዶ በርበሬ ጋር የሚዛመድ ተክል ሥር ነው። ተወቅጦ በውኃ ይበጠበጣል። ናንዲ ከተማ ስትደርሺ (ሲጻፍ ናዲ ነው፣ ሲነበብ ግን ናንዲ) ገበያው ውስጥ ታገኚዋለሽ። የተፈጨውን ተዪውና ደረቁን ሥር ግማሽ ኪሎ ያህል አሳስረሽ ግዢ። ጀልባው ላይ ከወጣሽ በኋላ ብታስቢው ዘግይተሻል።

እሽጉን ይዘሽ መጀመሪያ የምትቀርቢው ቱራንጋ ኒ ኮሮ ለሚባለው የመንደሩ ተጠሪ ወይም ለባላባቱ ነው። ሥርዓቱ ሴቩሴቩ ይባላል። አስተናጋጅሽ በቋንቋቸው ይናገርልሻል፤ አንቺ ብዙ ማለት አይጠበቅብሽም። ምንጣፉ ላይ እግርሽን ወደ ጎን አጥፈሽ ተቀመጪ። እሽጉን በእጃቸው አትስጪ፣ ፊታቸው ምንጣፉ ላይ አኑሪው። ተቀብለው ሲያጨበጭቡ መንደሩ ተቀበለሽ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ካሜራ ማውጣት፣ ወዲያ ወዲህ ማለት የለም።

መጠጣቱን ካነሳሽ፣ የመጀመሪያውን ቢሎ ጠጪ ባይ ነኝ። ቢሎ ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ጽዋ ነው። አንዴ አጨብጭበሽ «ቡላ» ትያለሽ፣ በአንድ ትንፋሽ ትጨልጪዋለሽ፣ ጽዋውን መልሰሽ ሦስቴ ታጨበጭቢያለሽ። ጣዕሙ አፈር አፈር ይላል፤ ምላስና ከንፈር ያደነዝዛል። አልኮል የለበትም። ከመጀመሪያው በኋላ «ይበቃኛል» ብትዪ ማንም አይቀየምሽም። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ጉበትሽን የሚያምሽ ከሆነ ወይም መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ጭራሽ አትቅመሺው። ለአስተናጋጅሽ ቀድመሽ ንገሪው፣ እሱ ያስረዳልሻል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ፣ እራት ላይ ሁለት ዓሣ፣ ዳሎ የሚሉት ታሮ፣ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ የታሮ ቅጠልም ቀረበልኝ። ብዪ ብዪ ይሉኛል፤ እነሱ አጠገቤ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። መተው ንቀት መስሎኝ ሁለቱንም ዓሣ ጨረስኩ። እጄን ታጥቤ ስመለስ ልጆቹ ከበው ተቀምጠዋል። የቀረበላቸው ዳሎና ቅጠሉ ብቻ ነበር። የዚያን ቀን ባሕሩ የሰጠው ሁለት ዓሣ ብቻ ነበር ማለት ነው። አሁንም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

እዚያ እንግዳ ቀድሞ ይበላል፤ ቤተሰቡ የቀረውን ይካፈላል። «ለእኛም አስተርፊልን» ብሎ የሚነግርሽ የለም። በነጋታው ግማሹን በልቼ «ቪናካ» (አመሰግናለሁ) ብዬ ሳህኑን ወደ ልጆቹ ገፋሁት። እናትየው ሳቅ አለች፣ ነገር ግን አልመለሰችውም።

ስለዚህ «ደስ ያለሽን» ያሉሽን በነጻ እንደሆነ አትቁጠሪው። ለእንግዳ ዋጋ መጥራት ስለሚከብዳቸው ነው። በአካባቢው ያሉ ማረፊያዎች በአዳር ስንት እንደሚያስከፍሉ አጣሪና ከዚያ የማያንስ አስቢ። በፊጂ ዶላር፣ በጥሬው ያዢ፤ መንደር ውስጥ ባንክ የለም። በፖስታ አድርገሽ ስትሄጂ ለቤቱ እናት ለብቻዋ ስጫት። ከዚህ ሌላ ሩዝ፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ፣ የታሸገ ዓሣ ከናንዲ ጭነሽ ሂጂ። ይህን በደረስሽበት ቀን ስጪ፤ አንቺም ትበይበታለሽ፣ እነሱም አይሳቀቁም። ከረሜላ ለልጆች መበተኑን ግን አልወደውም። ደብተርና እርሳስ ገዝተሽ ለመምህራቸው አስረክቢ።

ልብስ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ሱሉ የሚባለውን ሽርጥ እዚያው ግዢ፤ ከሱሪ ይሻልሻል። መንደር ውስጥ ባርኔጣና የፀሐይ መነጽር አውልቂ። የሰው ራስ አትንኪ፣ ልጅም ቢሆን። በተቀመጡ ሰዎች መካከል ስታልፊ ጎንበስ ብለሽ «ቱሎ» (ይቅርታ) በዪ። ብቻሽን በመሆንሽ፣ ማታ የትም ስትወጪ ከቤቱ ሴቶች አንዷን አስከትዪ፤ ራሳቸውም ብቻሽን አይለቁሽም።

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቂልኝ፦ ዕቃ አታድንቂ። ወለሉ ላይ ያለውን ምንጣፍ «እንዴት ያምራል!» ብዬ ነበር። ስለያቸው ጠቅልለው አስያዙኝ። ያ ምንጣፍ ቅጠሉ ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተሰንጥቆ በእጅ ይሸመናል፤ ስንት ቀን ይፈጃል! እምቢ ብል ደግሞ ይከፋቸዋል። ከዚያ ወዲህ የማደንቀው የልጆቹን ዘፈን ነው።

እሑድ እንዳትደርሺ። ዕለቱ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ላሊ የሚሉት የእንጨት ከበሮ ሲመታ ሰው ሁሉ ይሄዳል። ዋናም ሥራም የለም። ቀድመሽ ከደረስሽ ግን አብረሻቸው ግቢ። መዘምራኑን ስትሰሚ ትረጂኛለሽ።

መውጫም ሥርዓት አለው። በመጨረሻው ምሽት ለመሄድ ፈቃድ ትጠይቂያለሽ፤ ኢታታው ይሉታል። ያኔም ባዶ እጅ አይቀረብም። ናንዲ ገበያ ስትገቢ እንግዲህ ሁለት እሽግ ያንጎና ግዢ፣ አንዱን ለመግቢያ፣ አንዱን ለመውጫ። ሁለተኛውን እርጥበት እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልለሽ ከሻንጣሽ ሥር አኑሪው።