ሙምባይ ታካሚ ይዛችሁ ለመጣችሁ፦ ስለ ኤሌፋንታ ዋሻ

እህቴ፣ በቅድሚያ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። የምርመራ ውጤት እስኪደርስ ኤሌፋንታን፣ ማለት ከሙምባይ በጀልባ የሚኬድበት ደሴት ላይ ያለውን የዋሻ ቤተ መቅደስ፣ አይቶ መመለስ ይቻላል ወይ፣ የሂንዱ ቤተ መቅደስ መግባትስ ለክርስቲያን ነውር የለውም ወይ ብለሻል። እኔም ታላቅ ወንድሜን ለልብ ቀዶ ሕክምና ይዤ እዚያው ሙምባይ ስለከረምኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

1ኛ፣ ሰኞ ዝግ ነው። ይሄን ደላላ አይነግርሽም። እኛ ካረፍንበት ቤት በር የማይጠፋ አንድ አስጎብኚ ነኝ ባይ ነበር፤ ሀበሻ ሲያይ በአማርኛ ሰላም ይላል። የጀልባውንም፣ የመግቢያውንም፣ የራሱንም ጠቅልሎ አስቀድሞ ተቀበለን። ሰኞን የመረጠውም እሱ ነው። ጠዋት ጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ (ጀልባው የሚነሳበት፣ ባሕሩ ዳር ያለው ትልቁ የድንጋይ በር) ስንደርስ ወደ ደሴቱ የሚሄድ ጀልባ የለም። ስንደውልለት "ችግር የለም" ብሎ ወደቡን ዞራ የምትመልስ ጀልባ ላይ አሳፈረንና በቃ፣ ጉብኝቱ እሱ ሆነ። ገንዘባችንን መልስ ስንለው ጮኸብን። ለታካሚ ቤተሰብ እያንዳንዷ ሩፒ መድኃኒት ናት፤ እሱ ግን በጭንቅ ላይ ያለን ሰው ለይቶ ነው የሚጠብቀው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ማንንም አታስከትዪ። ወንድሜ ሲያገግም ብቻዬን ሄድኩ፣ ምንም የሚከብድ ነገር የለውም። የደርሶ መልስ ትኬት እዚያው ጌትዌዩ ጋ ትቆርጫለሽ፣ ባሕሩ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በጠዋት ሂጂ። ክረምታቸው እንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ፣ ያኔ ባሕሩ ከተናወጠ ጀልባ ይቆማል።

2ኛ መግቢያው ነው። ለሕንዶች 40 ሩፒ፣ ለእኛ 600። መጀመሪያ ያናድዳል፤ ግን እኛም ላሊበላ ላይ የውጭ ዜጋን በዶላር ነው የምናስከፍለው፣ ስለዚህ ከፍለሽ ግቢ።

ስለ ሃይማኖቱ አትጨነቂ። ቦታው ዛሬ መንግሥት የሚጠብቀው ቅርስ ነው፣ ዩኔስኮም በ1987 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። እኔ ስገባ ስገድ ያለኝም፣ ግንባርህን ልቀባህ ያለኝም የለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ሺቫ ለሚባለው የሂንዱ አምላክ የተፈለፈለ ነው። ዓምዶቹ ከሌላ ቦታ መጥተው የቆሙ እንዳይመስልሽ፤ ዓለቱ ሲፈለፈል እዚያው የተተዉ ናቸው። አጠገቤ የነበሩ ፈረንጆች ይሄ እንዴት ይሆናል እያሉ አስጎብኚያቸውን ደጋግመው ሲጠይቁ፣ እኔ የላሊበላን ደጅ የረገጥኩ ሰው ገና ስገባ ገብቶኛል፣ ኮራሁም።

ከሁሉም ከሁሉም በስተመጨረሻ ግድግዳው ላይ ያለውን ባለ ሦስት ፊት ሺቫ ሳታዪ እንዳትወጪ። ቁመቱ ወደ 6 ሜትር ነው። የመሀለኛው ፊት ዓይኑን ጨፍኖ ጸጥ ብሏል። በግራሽ ያለው ቁጡ ነው፣ ጢም አለው፣ እባብ ይዟል። በቀኝሽ ያለው የሴት ገጽታ ያለው ለስላሳ ነው። ዓይንሽ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቁሚ፣ ያኔ ነው ቀስ እያለ የሚወጣልሽ። ሌሎቹ ቅርጾች ብዙዎቹ እጅ እግራቸው ተሰብሯል፤ ያሳዝናል።

ምግብ በእጅሽ ይዘሽ እንዳትወጪ፣ ዝንጀሮዎቹ ይነጥቁሻል። ውሃ ግን ያዢ።

አባትሽን ይዤ ልሂድ ካልሽ ደግሞ ሐኪማቸውን ሳትጠይቂ አይሆንም። ከጀልባው እስከ ደረጃው ሥር ትንሽ ባቡር አለች፣ ከዚያ በኋላ ግን ወደ 120 ደረጃ ነው፣ ሙቀቱም ቀላል አይደለም። በወንበር ተሸክመው የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ ዋጋውን ደርሶ መልስ ብለሽ ቁርጡን ሳትነጋገሪ እንዳታስቀምጫቸው፣ ላይ ከደረሱ በኋላ ሌላ ሂሳብ ይመጣል።